ሳትታጠብ ያቀፈችኝ ቀን

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ለሰው ከመሰጠት ያመለጥኩት በገዛ ብልጠቴ ይመስለኝ ነበር፤ እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ድረስ። ይህን ብልጠቴን ለባሌ አውርቻለሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አውርቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ስሟን እንኳ ለማላውቅ ሴት አውርቻለሁ። ስጀምር ሁልጊዜ «አክስቴ ልትሰጠኝ ነበር» ብዬ ነው። ይሄን የሰማ ሰው ጆሮውን ያቆማል፤ እኔም ጨዋታ እወዳለሁና ከዚያ በኋላ በቀላሉ አልለቀውም። አሁን ታሪኩን እንደገና ላወራው ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ላርመው።

ያደግሁት ሀና ማርያም ነው። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ እስከ ፉሪ ድረስ የሽምብራና የጤፍ ማሳ ነበር። ሚኒባሱ ላፍቶ ላይ ያወርደንና የቀረውን በእግራችን እንጨርሰዋለን። እናቴ የሞተችው አራት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። አያቴ ከመንዝ ይዛኝ መጥታ ለትንሿ ልጇ፣ ለእናቴ እህት ለብርነሽ አስረከበችኝና ሁለት ቀን አድራ ተመለሰች። ብርነሽን እቴቴ ነው የምላት። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልነበራትም።

የእቴቴ ሥራ የበግ ጠጉር ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ደምሰው፣ በየሁለት ወሩ ከመንዝ በጭነት መኪና ሁለት ሦስት ጆንያ ጠጉር ያመጣላታል። ጆንያው ሲፈታ ቤቱ በግ በግ ይሸታል። ጠጉሩ ከበጉ ላይ እንደተሸለተ ነውና ያልያዘው ጉድ የለም፤ ጭጎጎት፣ እሾህ፣ የደረቀ በጠጥ፣ አንዳንዴም የበግ ቅማል። እቴቴ ደጅ ላይ ሸራ ታነጥፍና ነጩን ከጥቁሩ፣ ረጅሙን ከአጭሩ ትለያለች። ከዚያ በግማሽ በርሜል ሙቅ ውሃ ይታጠባል። የመጀመሪያው ውሃ የክረምት ጎርፍ መስሎ ይወጣል፤ እሱ ተደፍቶ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይቀየራል። ውሃው ሲጠራ ጠጉሩ ተጨምቆ አጥሩ ላይ ይሰጣል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መጥቶ እያሸተተ ይሄዳል።

ሲደርቅ የእኔ ተራ ነው። የተቋጠረውን በጣት ማፍታታት ትንሽ እጅ ይወዳል። እቴቴ «ሄርሚ ያፈታታችው ደጋን አያደክምም» ስትለኝ ሰማይ እነካለሁ። ስሜ ሄርሜላ ነው፤ ሄርሚ የሚለኝ ግን የሚወደኝ ሰው ብቻ ነበር።

ከሁሉም የምወደው መንደፉን ነበር። መንደፊያዋ ደጋን ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶላት ትሰቀላለች፤ ከእኔ ቁመት ትበልጣለች፤ ገመዷ የከብት ጅማት ነው። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ታስርና የተፍታታውን ጠጉር ክምር ላይ ደጋኗን አንጠልጥላ ጅማቷን በእንጨት መምታት ትጀምራለች። ድው፣ ድው፣ ድውድው። ጠጉሩ ዘሎ ይነሳል፤ ተመልሶ ሲወርድ ቋጠሮው ሁሉ ተበትኖ፣ ልክ ሊገነፍል እንደደረሰ ወተት አረፋ ያብጣል። የቀረ እሾህና አፈር ከሥር ይረግፋል። ቤቱ በብናኝ ይሞላል፤ በበሩ የገባችው ፀሐይ ውስጥ ሲንሳፈፍ ሳየው እጄን እየሰደድኩ ልይዘው እሞክር ነበር። የተነደፈውን እቴቴ መዳፏ ላይ እየጠቀለለች አመልማሎ ታደርገዋለች፤ የሰፈር ሴቶች እየወሰዱ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ክሩ ደግሞ ምንጣፍ ለሚሠሩ ሰዎች ይሄዳል። ፈታዮቹ የብርነሽ ባዘቶ ጣት ላይ አይቆምም፣ ራሱ ይሄዳል እያሉ ያሞግሷት ነበር። እሷም ሲያሞግሷት ዝም አትልም፤ «ሌላ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ሞክሩና ኑ» ትላለች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን የአሳዳጊዎቻችንን ሥራ እየጠየቀ እኔ ዘንድ ሲደርስ «አክስቴ ትነድፋለች» አልኩት። ልጆቹ በሳቅ አለቁ። እስከ ሦስተኛ ክፍል «የንብ ልጅ» ሲሉኝ ኖሩ። ለእቴቴ ስነግራት እስኪያስለቅሳት ሳቀች፤ ሳምንቱን ሙሉ ወተት ልትገዛ ስትወጣ ጭምር «ንቧ ወጣሁ» ትለኝ ነበር።

ሳሉ የጀመረኝ በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀልኝ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ ፉጨት መጣ። እኔ ፉጨቱን እወደው ነበር፤ አፌን ሳልከፍት ማፏጨት የምችል እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ለልጆች አስደምጥ ነበር። እቴቴ አንድ ቀን ዳገት እንኳ በሌለው ሜዳ ላይ እየሄድን ቁጭ ስልባት አዝላኝ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቴን በማዳመጫው አዳመጠ፤ ጀርባዬን አዳመጠ። ከዚያ የእቴቴን እጅጌ አየና የተጣበቀባትን ብናኝ በሁለት ጣቱ ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ሥራዋን ጠየቃት። ነገረችው። እኔን ውጪ ቆዪ አለኝ። በበሩ ክፍተት የተሰማኝ «ወይ እሱ፣ ወይ ልጅቷ» የሚል ብቻ ነበር። እቴቴ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል። ልብሷ ቆሻሻ ነው ብሎ ሰደባት ብዬ ሐኪሙን ጠመድኩት፤ መንገድ ላይ ላጽናናት ብዬ ቀሚሷ ንጹሕ መሆኑን ነገርኳት።

በሦስተኛው ቀን ባናዬ ጠፋ። ከመንዝ ስመጣ አያቴ የጠቀለለችኝ የጠጉር ብርድ ልብስ ነበር፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ናይለን ብርድ ልብስ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ባናውን ለአዴ ገዲሴ እንደሰጠችው እቴቴ ሸፋፍና ነገረችኝ። አለቀስኩ። «ይሄኛው ነብር አለው'ኮ» አለችኝ። ነብሩን ለአንድ ወር ያህል በጀርባው አዙሬ ተኛሁ።

አዴ ገዲሴ በፉሪ መንገድ ያለች ገበሬ ጎረቤታችን ናት፤ ሰፈሩ ሰፈር ከመሆኑ በፊት ቤተሰቦቿ እዚያው የሚያርሱ ነበሩ። በረቷ አጠገብ ባዶ የጥጃ ቤት ነበራት። ብዙም ሳይቆይ በርሜሉም፣ ጆንያውም፣ ደጋኗም ወደዚያ ሄዱ፤ ማታ ማታ ደጋኗ ብቻ በጨርቅ ተጠቅልላ ተመልሳ ሚስማሯ ላይ ትሰቀላለች። እቴቴ ለማንም ቢሆን አታስነካትምና ሌላ ቤት አታሳድራትም። እኔ ግን ወደ ጥጃው ቤት እንዳልደርስ ተከለከልኩ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «በቃ» ተባልኩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ድሮ እቴቴ ከውጪ ስትገባ ሮጬ እጠመጠምባታለሁ። አሁን ስሮጥ እጇን ከሩቅ ዘርግታ «ቆዪ» ትለኛለች። በአጠገቤ አልፋ በቀጥታ ጓሮ ትሄዳለች። ከቆርቆሮው ጀርባ ውሃ ስትደፋ፣ ጸጉሯን ስትታጠብ ይሰማኛል። የለበሰችውን እዚያው ጓሮ ትሰቅልና ሌላ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ ትመጣለች። ያኔ ነው «ሄርሚ፣ እንዴት ዋልሽ» የምትለኝ። በብርድም እንደዚያው ናት። ሐምሌ ላይ በዝናብ እየተንቀጠቀጠች ስትታጠብ አይቻት ለእኔ ሰላምታ ከመስጠት መበስበስን የመረጠች መሰለኝ። የልጅ ሆድ ቶሎ ይብሳል። ስትመጣ መሮጤን ተውኩ፤ እሷ ታጥባ ስትመጣ ደግሞ እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ቀና አልልላትም።

አንድ ቅዳሜ ልቤ እምቢ አለኝና ተደብቄ ወደ ጥጃው ቤት ሄድኩ። የደጋኗ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። በሩ ገርበብ ብሏል። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ ትነድፋለች፤ ፊቷ በላብ ወዝቷል፤ ዓይኗ ይስቃል። አጠገቧ የአዴ ገዲሴ ልጅ ሶሬቲ፣ እኩያዬ፣ እግሯን ዘርግታ አመልማሎ ትጠቀልላለች። የእኔን ሥራ። እቴቴ የሶሬቲን አመልማሎ ተቀብላ እያገላበጠች አየችና አናቷን በእጇ ዳበስ አደረገቻት። ሳትታጠብ።

ቅናት እንዲህ ያንገበግባል ብዬ አላውቅም ነበር። በሩን በርግጄ ገባሁና ክምሩ መሐል ቆምኩ። እቴቴ ደጋኗን ጥላ ተነሳች። «ውጪ! ውጪ ብዬሻለሁ!» ስትል እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም። እምቢ ብዬ ከተነደፈው ጠጉር በሁለት እጄ አፍሼ ፊቴ ላይ ደፋሁት። እኔም የቤቱ ሰው ነኝ ለማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። አየሩ አልገባ አለኝ። ከማሳ ሮጣ የመጣችው አዴ ገዲሴ አዘለችኝ። እስከ ላፍቶ፣ ታክሲ እስኪገኝ ድረስ አዝላኝ የሮጠችው እሷ ናት። እቴቴ ከጎን ከጎን እየሮጠች ስሜን ትጠራለች፤ አንዴም ግን አልነካችኝም። ታክሲው ውስጥ እንኳ ከኋላ ወንበር ብቻዋን ተቀመጠች። በዚያ በሚያንቋርር ትንፋሼ መሐል ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ልሞት ስል እንኳ አላቀፈችኝም የሚል ነው።

ሆስፒታል አራት ቀን ተኛሁ። በተመለስን ሳምንት አጎቴ ደምሰው ሁለት ጆንያ ጠጉር ጭኖ መጣ። እቴቴ ጆንያዎቹን አጥሩ ውጪ አስቀመጠቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እኔ ጓሮ እንጨት ክምር ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ የጭቃው ግድግዳ ስስ ነውና እነሱ ቤት ውስጥ የሚያወሩት ይሰማል። ስሜ ሲነሳ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ልጅቷን እኔ ልውሰዳት» አለ ደምሰው። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ እኔ ዘንድ አትራብም። አንቺም እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። እንዳንቺ የሚነድፍ ስንት ሰው አለ?»

እቴቴ ስትነሳ፣ ቤት ውስጥ ስትራመድ፣ ከግድግዳ ላይ የሆነ ነገር ስታወርድ ተሰማኝ።

«ከእናቴ እጅ ነው የተቀበልኳት» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። እሷን ይዤ ስንቱን አለፍኩ። መተው እንዲህ አንጀት ይበላል አላልኩም።»

«እንግዲያው አስቢበት።»

«አስቤ ጨርሻለሁ። ሁለቱን አንድ ቤት ማኖር አልቻልኩም። ነገ ስትሄድ ውሰዳት።»

«ብርነሽ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛሬ ካልሰጠሁህ ነገ አልችልም። መንገድ ላይ እንዳትጎዳብኝ ብቻ አደራ።»

ከዚያ አለቀሰች። ሰው ሊሰጥሽ ሲያለቅስልሽ መስማት ከመሰጠቱ ይከፋል። እየወደደችኝ ነው ማለት ነው፣ ግን አልበቃም። ሥራዋና እኔ አንድ ቤት አንኖርም፤ ሥራዋን መረጠች። ጆንያዎቹ ደጅ ቁጭ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ነገ እሄዳለሁ። መንዝን አላውቀውም፤ የማውቀው ሀና ማርያምን፣ ነብሩን፣ የቆርቆሮውን ጓሮ፣ እሷን ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ሳያልቅ ከቤት ተነስቼ ወጣሁ። ለመንገድ ሥራ የመጡ ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ከመንገዱ ዳር ተደርድረው ነበር። ለሥራው ሳይውሉ ዓመት ከርመዋል፤ የልጆች መጫወቻ ሆነዋል። መሐል ያለው ውስጥ ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነው። ደምሰው የሚሄድበት አውቶቡስ ሰዓት አለው። እኔን ካጣኝ ጥሎኝ ይሄዳል። እንደገና እስኪመጣ ሁለት ወር አለ፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥሩ ልጅ እሆናለሁ። አልስልም።

እቴቴ ስሜን እየጠራች ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈች። አፌን በእጄ ያዝኩ። ብዙ ቆይቶ ደምሰው ሲያልፍ በቱቦው ጫፍ ታየኝ። በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ትከሻው ላይ አጋድሟል፤ ከኋላው አንድ ሰው ሁለቱን ጆንያዎች የጫነ አህያ ይነዳል። እኔን አልያዘም። ደስታው ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ብልጥ ነኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ያገኘችኝ አዴ ገዲሴ ናት። ጎንበስ ብላ አየችኝና ምንም ሳትቆጣ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እቴቴ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ስታየኝ ሮጣ መጣች፤ እኔ እንደለመድኩት ቆምኩ፤ «ቆዪ» የሚለውን ጠበቅሁ። አላለችም። መንገዱ መሐል ተንበርክካ አቀፈችኝ። ሳትታጠብ፣ ሳትቀይር፣ ያደረ ልብሷን እንደለበሰች። እስኪያመኝ አጥብቃ ያዘችኝ። ለምን እንደተደበቅሁ ስትጠይቀኝ አልተናገርኩም። ያቀፈችኝ ፀፅቷት መሰለኝ።

ቤት ስገባ ሚስማሩ ባዶ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አጎቴ ባዶ እጁን አልመለስም ብሎ በእኔ ምትክ ደጋኗን ወስዷል። ካሳ መሆኗ ነው። እቴቴ ደጋኗን ያጣችው እኔ በመደበቄ ስለሆነ ትንሽ አሳዘነችኝ፤ ግን እኔን ልትሰጥ ነበርና አበጀሁ አልኩ። ይኸው ነው ለሰው ሁሉ ሳወራው የኖርኩት ታሪክ።

እቴቴ ከዚያ ወዲያ ጠጉር አልነካችም። ላፍቶ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በጽዳት ተቀጠረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ የደፋውን ወተትና ሽንት ጠረገች። ስትገባ አትታጠብም፤ በር ላይ ታቅፈኛለች፤ ረጅም ታቅፈኛለች። በዚያች ደሞዝ ተማርኩ። በሽታው እያደር ቀለለኝ። የፋርማሲ ትምህርት ጨረስኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። እቴቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የልጄ አዛዥ እሷ ናት።

የዛሬ አምስት ዓመት አንዲት ወፍጮ ቤት የምትሠራ እናት ለልጇ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ልትገዛ የምሠራበት ፋርማሲ መጣች። ልብሷ ላይ ዱቄት አለ። እንደ ልማዴ አጠቃቀሙን አሳየኋትና «ከሥራ ስትመለሺ ታጥበሽ፣ ልብስ ቀይረሽ ነው ልጁን የምታቅፊው» አልኳት።

«አደርገዋለሁ» አለችኝ። «ግን ሮጦ ሲመጣ ቆይ ስለው ያለቅሳል። የጠላሁት ይመስለዋል። አራት ዓመቱ ነው፣ በምን ላስረዳው?»

መድኃኒቱን በላስቲክ አድርጌ ሰጥቻት ወደ ጓዳ ገባሁና ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። አስም ምን እንደሆነ፣ የበግ ጠጉር ብናኝ ምን እንደሚያደርግ ለዓመታት አጥንቻለሁ፤ ፈተና ተፈትኜበታለሁ። ግን ያቺ በሐምሌ ዝናብ ከቆርቆሮ ጀርባ እየተንቀጠቀጠች የምትታጠብ ሴት አንድ ቀን እንኳ ከመጽሐፉ ጋር አልተገናኘችልኝም ነበር። ባናው፣ የጥጃው ቤት፣ ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ። እየሮጠች ያልነካችኝ ጠጉር በጠጉር ስለነበረች ነው። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን በደስታ ነው። እንደዚያ ተወድጄ መኖሬን አላውቅም ነበር።

ማታ እራት ሳይቀርብ አጠገቧ ተቀመጥኩና አመሰገንኳት። የምትታጠበው ለእኔ እንደነበር ዛሬ ገና እንደገባኝ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?» አለችኝ እየሳቀች።

ጨዋታ ያዘኝ። የጠላችኝ መስሎኝ እንደነበር፣ ከግድግዳው ጀርባ የሰማሁትን፣ ቱቦውን፣ አጎቴ በእኔ ምትክ ደጋኗን መውሰዱን፣ ለሰው እንደማወራው አድርጌ አወራሁላት። ሰው በሚስቅበት ቦታ ላይ ቆም አልኩ። አልሳቀችም።

«ምን ብዬ ሰማሽኝ?» አለች።

«ከእናቴ የተቀበልኳት ናት፣ ሁለቱን አንድ ቤት ማኖር አልቻልኩም፣ ነገ ውሰዳት።»

«ደጋኗን ነው'ኮ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ደጋኗን ነው ያልኩት፣ ሄርሚ። የእናቴ ናት፤ ሳገባ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ደምሰው አንቺን ልውሰዳት ሲለኝ ከግድግዳ አንስቼ እሷን ሰጠሁት። መንደር ውስጥ የሚሠራባት ሰው ፈልግላት አልኩት። አንቺን? አንቺን ማን ይሰጣል?»

ለካ እቴቴ ለደጋኗ ያለችውን «እሷ» እኔ ለራሴ አድርጌ ሰምቼው ነበር። በኋላ ሳስበው እቴቴ ለዚያች ደጋን ሌላ አጠራር አልነበራትም፤ እኔም ያን ቀን ከግድግዳው ስትወርድ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ወይ እሱ ወይ ልጅቷ ሲላት አንድ ዓመት ሙሉ በጥጃ ቤትና በቀዝቃዛ ውሃ ሁለታችንንም ልታኖር ታገለች። ሳይሆን ሲቀር እጅዋ የሚያውቀውን፣ ሰው የሚያከብራትን፣ የእናቷን አደራ አውርዳ ሰጠች። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ቱቦ ውስጥ ሆኜ በብልጠቴ ስስቅ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ። ዓይኗ ሞልቷል።

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልትሰጠኝ ነበር እያልሽ ነው ከእኔ ጋር የኖርሽው?»

«አዎ።»

«በመጀመሪያ ደሞዝሽ ጫማ የገዛሽልኝ፣ ስትወልጂ ከእኔ ሌላ ማንም አይረሰኝ ያልሽው፣ እንደዚያ እያሰብሽ ነው?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«ታዲያ በምን ወደድሽኝ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ላይ ታቅፊኝ ነበር፣ እሱ በቃኝ» አልኳት። ደጋኗ ትናፍቃት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ትናፍቀኛለች እንጂ። ወለል ስጠርግ እጄ ራሱ ድው ድው ሊል ይቃጣው ነበር» አለች። ደግሞ፣ «በር ላይ ስይዝሽ ማቀፍ ብቻ መስሎሻል? ደረትሽን እያዳመጥኩ ነበር። ፉጨት ከሌለው እሰየው ብዬ እለቅሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ «እስቲ ነይ» ብላ ሳበችኝ። ጎንበስ አልኩላት፤ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠች። እኔም ረዘም አድርጌ ተነፈስኩላት።